በብስክሌት ለቅሶ የደረስን ቀን

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ለብስክሌት ጀማሪ የተመቸ ሜዳ ነው ብሎ ማለልኝ። እሱ መንገዱን የሚያውቀው በመኪና፣ ያውም ተኝቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምኜው አብረን ተነሣን። ሜዳ ያለው ሁሉ ዳገት ሆነ። ነፋሱም እንደ ክፉ ጎረቤት ፊት ለፊት እየገፋ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ይለን ነበር። ብርዱ ዓይናችንን ስለገረፈው እንባችን ያለማቋረጥ ይወርዳል።

በዚህ መልካችን ነው መንገድ ዳር የተተከለ ድንኳን ያየነው። ትንፋሽ ልንሰበስብ ብስክሌቶቹን አጥር ላይ አስደግፈን ጠጋ አልን። ለቅሶ ቤት ኖሯል። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እንባችንን አይተው ሁለታችንንም አቀፉን።

«በቃ ልጆቼ፣ ይበቃል። የሟች እህቴ ልጆች እንኳ ገና ከአዲስ አበባ አልተነሡም። እናንተ በዚህ ነፋስ በብስክሌት ደረሳችሁ።»

«አባባ፣ እኛ እንኳ መንገደኞች ነን» ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ጓደኛዬ ተቀምጦ ንፍሮ ተቀብሏል። ፊቱ ከሟች ዘመዶች ሁሉ ይበልጥ አዝኗል። ምሁር ነውና ሁኔታውን ቶሎ ተረድቶታል። እኔም እንደሱ በጣም ርቦኝ ነበርና ልላቸው የነበረውን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስንሰናበት ሽማግሌው እጃችንን ይዘው፣ «ለአርባዋ አትቀሩም መቼም» አሉን።

«እንዴት ተደርጎ፣ አባባ» አለ ጓደኛዬ፣ ንፍሮውን እያላመጠ።

ለአርባዋ በሚኒባስ ሄድን። ሽማግሌው ከሩቅ አይተውን ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ መምጣታችን ደስ አለኝ።