የጅብ ጥላ በንጥር ቅቤ

ሰው በሚወደው ነገር ይታወቃል ይባላል። ከድጃ ግን የምትታወቀው በምትጸየፈው ነው። አፉ ላይ የከንፈር ቀለም የቀረበት የሻይ ብርጭቆ፣ እርጥብ ሆኖ የተንጠለጠለ የወጥ ቤት ጨርቅ፣ በክረምት የታክሲ ወንበር ላይ የሚቀር የማያውቁት ሰው ሙቀት፣ ጣቱን እየላሰ ብር የሚቆጥር ረዳት፤ እነዚህን ባየች ቁጥር የላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል ትንሽ ይነሳል። ሌላ ነገር አታደርግም። አትሳደብም፣ አትተፋም። ያቺን ከንፈር ያየ ሰው ግን ሳያስበው ወደ ገዛ እጁ ጥፍር ይመለከታል።

መካኒሳ ያለው፣ ከድጃ ጓዳውን የያዘችበት የሱልጣን ክትፎ ቤት የቆመው በዚህች ከንፈር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የሚያምነው ሥጋውን ሳይሆን ያዘጋጀውን እጅ ነው። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት የሱልጣን አባት፣ ቤቱን ሲከፍቱ አንድ ደንብ አኑረው ነበር፤ አዲስ ነገር ለገበታ ሲቀርብ የሠራችው ሴት ከጓዳ ወጥታ፣ እንግዶቹ እያዩ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሷ ትጎርሳለች። ሽማግሌው ካረፉ ቆዩ፣ ደንቡ ግን ከነሙሉ ክብሩ አለ። ደንበኞቹ እንዲያውም ከምግቡ ይልቅ ይህን ይወዱታል። ከድጃ ሻርፗን ሰብስባ ወጥታ፣ ጎርሳ፣ አላምጣ፣ ውጣ «ቢስሚላህ፣ ብሉ» ስትል ማንም ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ያቺ ከንፈር ካልተነሳች ምግቡ ንጹሕ ነው።

አፍንጫዋን የሞረደችው መርካቶ ነው። ከስልጤ አገር ገና በልጅነቷ ተድራ ስትመጣ ባሏ ቅቤ ነጋዴ ነበር። እሱ ይገዛል፣ እሷ ታሸታለች። በኮባ ተጠቅልሎ የመጣውን ቅቤ ጣቷን ሳታስነካ፣ ሙዝ የተለወሰበትን፣ ሞራ የገባበትን፣ ከርሞ እንደገና የታጠበውን ለይታ ወደ ጎን ትገፋዋለች። ባሏ ሲሞት የቀሯት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ይህ አፍንጫና ሪሐና የምትባል አንዲት ሴት ልጅ።

ሪሐናን በዚሁ አፍንጫ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ተክል ተምራ ተመረቀች። ሥራ ግን አልነበረም። ማስታወቂያ እያነበበች፣ ማመልከቻ እያስገባች፣ «እንደውልልሻለን» እየተባለች ከረመች። በመጨረሻ ላፍቶ በተከራዩት ግቢ ጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ጠርጋ፣ ጥቁር ፕላስቲክ አልብሳ፣ እንጉዳይ ማብቀል ጀመረች።

ከድጃ ክፍሏን አንድ ጊዜ ብቻ ገብታ አይታታለች። ከጣሪያው ላይ ጭድና የጥጥ ፍሬ ገለባ የታጨቀባቸው ረጃጅም ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ከረጢቶቹን ከላይ እስከ ታች ነጭ ጸጉር መሳይ ነገር ወርሷቸዋል፤ ልክ ተረስቶ የከረመ እንጀራ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ። ከስንጥቃቸው ደግሞ ግራጫ ጆሮዎች ተደራርበው ወጥተዋል። ክፍሏ ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ሰው የተነፈሰውን መልሶ እንደሚተነፍስ ዓይነት ነው። ከድጃ ወጥታ በሩን ዘጋችና ምንም ያልነካችበትን እጇን ታጠበች።

ነገሩ ሌላ ሥርም ነበረው። በመንደራቸው ይህን ነገር ማንም እንጉዳይ ብሎ አይጠራውም፤ ስሙ የጅብ ጥላ ነው። ልጅ ሳለች አንድ ክረምት ከእንሰቱ ጀርባ የሞተች ጥጃ ተቀበረች። ዝናቡ ሲበረታ ከዚያው ከተቀበረችበት አፈር ነጫጭ ራሶች እየገፉ ወጡ። ከድጃ አንዱን ነቅላ ገለበጠችው። ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ስስ ሥጋ ነበር፣ በመካከሉም ትናንሽ ነፍሳት ይርመሰመሱ ነበር። እናቷ እጇን በአመድ እያሸች አጠበቻት። ሽታው ግን ጣቷ ላይ አደረ፤ እርጥብ አፈርና ከአፈሩ በታች ያለው ነገር። ከዚያ ወዲህ ስንት የቅቤ ዓይነት አሽትታ፣ ስንት ኮረሪማና ኮሰረት ወቅጣ፣ ያ ሽታ ከሁሉም በታች ተኝቶ ይጠብቃታል።

ሪሐና ያበቀለችውን የሚገዛት ግን ጠፋ። ጎረቤት አየና ሳቀ፤ ሱቆቹም «ማን ይበላዋል?» አሉ። በዚህ መሐል፣ ተስፋ ስትቆርጥ ፓስፖርቷን የሰጠችው አንድ የጀሞ ደላላ ቪዛዋ መውጣቱን ነገራት። ሪያድ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና። እስከ እሑድ ቁርጥ ያለ መልስ እንደሚፈልግም አሳወቃት።

«አንድ ቤት፣ ዘወትር የሚወስደኝ አንድ ምግብ ቤት ባገኝ አልሄድም» አለች ሪሐና ለእናቷ። «ካላገኘሁ ግን እሄዳለሁ፣ እማ። አታልቅሺብኝ።»

ከድጃ አላለቀሰችም። በማግስቱ ሱልጣንን ጓዳ ጠርታ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ ከክትፎው ጎን እንደ አይብና ጎመኑ ሆኖ እንጉዳይ በንጥር ቅቤ ቢቀርብ ምን ይመስለዋል ብላ ጠየቀችው።

ሱልጣን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ያህል ነው። ትክ ብሎ አያት። «አንቺ ነሽ ይሄን የምትይው፣ እትዬ ከድጃ?»

«እኔ ነኝ።»

«የትናንት ጎመን አይተሽ የሦስት ቀን ምግብ የምትተዪው?»

«ትሞክራለህ ወይስ አትሞክርም?»

ሐሙስ ዕለት ሞከሩ። ከድጃ እንጉዳዩን እንደ ጎመን ውሃ እየለወጠች አጠበችው፤ ያ ሁሉ ጭድና ሻጋታ እየታያት ሳታጥብ እንዴት ታቅርበው? ከዚያም በጨው ውሃ ዘፈዘፈችው። ቀጥላ የምታውቀውን ሠራች። በዚህ ቤት ቅቤ የሚገናኘው ከክትፎ ጋር ነው፤ ክትፎ ደግሞ ለብለብ ነው። ንጥር ቅቤዋን አቅልጣ፣ እንጉዳዩን ጨምራ፣ ትንሽ ሞቅ ሲል ከእሳት አወረደችው።

የወጣው ነገር ለዓይን ያስነውር ነበር። እንጉዳዩ የጠጣውን ውሃ ሁሉ መልሶ ተፍቶ በግራጫ እጣቢ ውስጥ ይዋኛል። ያ ሽታው ከበር የሚቀበል ቅቤዋ ተቆራርጦ ከላይ ተንሳፍፏል፣ የተገላበጡት ጆሮዎች ከሥሩ ያብለጨልጫሉ። ማንኪያ ሲነካቸው ይንሸራተታሉ። ከንፈሯ ተነሳ፣ ተነስቶም ቀረ።

ቆጮ የምትቆርጠው ገላኔ አንገቷን አስግጋ አየች። «ከድጃዬ፣ ይሄ ነገር ታሞ ነው እንዴ?»

«ዝም በይና ሥራሽን ሥሪ።»

«አይ፣ ሐኪም እንጥራለት ብዬ ነው።»

ሱልጣን አንዱን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ሁለት ጊዜ አላምጦ ቆመ፣ ከዚያ ሶፍት ፈልጎ ተፋው። «እትዬ፣ ይሄን ለሰው ባቀርብ አባቴ ከመቃብር ይነሳሉ።»

«አላህ ይማራቸው፣ በዚህ አያስነሳቸው» አለች ከድጃ።

«ለሪሐና ስል ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንሞክረዋለን። ያኔም እንዲህ ከሆነ ይቅርብን።»

አመሻሹ ላይ ከድጃ የሆነውን ለሪሐና ነገረቻት።

«አጠብሽው?»

«ታዲያ ሳላጥብ ላበላ?»

«ስፖንጅ እኮ ነው፣ እማ። ነግሬሽ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ነው የሚወለወለው ብዬሻለሁ።» ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «ለበለብሽው?»

«በቅቤ ነው የሚሠራው አልሽ። በቅቤ ሠራሁት።»

«ሆን ብለሽ ነው» አለች ሪሐና። ድምፅዋን አልጨመረችም።

ከድጃ ልትቆጣት ቀና አለች። መጥበሻው ላይ ያ ነገር ግራጫ ሲሆን፣ ቅቤው ሲቆራረጥ፣ ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር ቅልል ብሏት እንደነበር አሁን ትዝ አላት። አየሽ፣ ብዬ ነበር፣ የሚያስብል ዓይነት ደስታ። ሱልጣን ሲተፋው ያ ደስታ ጨምሮ ነበር። ልጇ ሻንጣ ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ ልትቆም ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ እሷ የጅብ ጥላን በማሸነፏ ተደስታ ነበር። በሕይወቷ ብዙ ነገር ተጸይፋለች፤ ራሷን ስትጸየፍ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚታጠብ እጅ የለም።

«እንዴት እንደሚሠራ እንደገና ንገሪኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ቅዳሜ ቤቱ ከቀትር በኋላ ሞላ። ከድጃ እንጉዳዩን ውሃ አላስነካችውም። አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ። ከዚያ በጣቷ ሰነጠቀችው። በቢላ ሳይሆን በጣት ነው የሚሰነጠቀው ብላታለች ሪሐና፤ እንደ ሥጋ በጅማቱ ነው የሚሄደው። በእርግጥም እንደ ሥጋ ሄደ፤ እንደ ቀዝቃዛ፣ ደም እንደሌለው ሥጋ። ጣቶቿ ወደ ኋላ መሸሽ ፈለጉ፣ አልፈቀደችላቸውም።

መጥበሻውን ያለ ምንም ቅባት ጣደችው። ሲግል እንጉዳዩን በተነችበት። ወዲያው ማላብ ጀመረ፣ የተጠራቀመውም ውሃ መጥበሻው ላይ ተንጨረጨረ። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ያ የድሮ ሽታ ሙሉ ለሙሉ ተነሳ፤ እንሰት፣ ዝናብ፣ ጥጃ። አላወረደችውም። ጠበቀች። ውሃው አለቀ፣ የመጥበሻው ድምፅ ተለወጠ፣ ደረቅና ቀጭን ሆነ፣ ጠርዙ ቡናማ እየሆነ መጣ። ያኔ ቅቤዋን ጣል አደረገች። ኮሰረቱና ኮረሪማው ግለው ሲነሱ ገላኔ ቢላዋን አስቀመጠች። ከድጃ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨመረችበት፣ ከእሳት ስታወርደው ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሰችበትና በጣባ አቀረበችው።

«አሁንማ ድኗል» አለች ገላኔ።

መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አባይነህ ነው፣ የቤቱ የቆየ ደንበኛ፣ ጋራዥ ያለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ጣባውን አይቶ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «ሱልጣን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጉዳይ። ከክትፎው ጋር።»

«እኛ አገር ይሄን የበላ በግ እንኳ ይታማል።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። «እትዬ ከድጃ ትምጣና ትመስክር። ደንብ ደንብ ነው።»

ከድጃ ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። ሱልጣን ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ ያያታል። በጣባው ውስጥ ያለው ነገር በቅቤ ያብለጨልጫል፣ ያምራል ማለት ይቻላል፣ እሷ ግን የሚታያት የተገለበጠው ሆዱ ነው። በቆጮ ቆንጠር አድርጋ ጎረሰች።

መጀመሪያ የመጣው ቅቤዋ ነው፣ የገዛ እጇ ሥራ። ከዚያ ጥርሷ ሥጋውን አገኘው። ትንሽ እምቢ አለ፣ ከዚያ እሺ አለ፣ በጥርሷ መካከልም አንድ ነገር ፈሰሰ፤ ያ አፈር። ምላሷ ሸሸ። ከንፈሯ ሊነሳ ሲል ተሰማት፤ በግራ በኩል ያለችው ጅማት ስትላወስ ተሰማት። ያቺ ጅማት ብትነሳ ልጇ ሪያድ ናት። አኘከች። ባለመቸኮል አኘከች፣ ብትቸኩል ያውቁባታልና። ዋጠችው። እንዳይመለስ ሌላ አንድ ጊዜ ባዶ ምራቅ ዋጠችበት።

«ቢስሚላህ» አለች። «ብሉ።»

አባይነህ ፊቷን መረመረ፣ ነጋዴ ቅቤ እንደሚመረምር። «ከንፈሯን አያችኋት? ንቅንቅ አላለችም» አለ ለጓደኞቹ፤ ቆጮውንም ሰደደ። አላመጠ። ቅንድቡ ወጣ። እንደገና ሰደደ። ጓደኛው ጣባውን ወደ ራሱ ሳበው፣ አባይነህ መልሶ ጎተተው። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ለእኛስ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ከድጃ ጓዳ ገብታ ቧንቧው ሥር አፏን ከፈተች። ውሃው እየፈሰሰ ቆየች። ገላኔ ጀርባዋን አሻሸቻት፣ ለአንድ ጊዜ ሳትቀልድ።

ሱልጣን ዘልቆ መጣ። «ከሰኞ ጀምሮ ይምጣ በያት። በየቀኑ። ግን እጅሽ እንዳይለወጥ፣ እትዬ። እንደ ልማድሽ እየቀመስሽ ነው የሚወጣው።»

«ሌላ እንዴት ይወጣል?» አለች ከድጃ። ከዚህ ጓዳ ምላሷ ያልነካው ሰሐን ወጥቶ አያውቅም። የነገን፣ የከነገ ወዲያን፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ጉርሻ አንድ ላይ በአፏ ውስጥ አየቻቸው።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልጨለመም። ሪሐና የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ናት። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ የሱልጣንን መልእክት ነገረቻት። ልጅቷ በእጇ የያዘችውን የውሃ መርጫ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ቀመስሽው?»

«ሰው ፊት።»

«ጣፈጠሽ?»

«አስጠላኝ» አለች ከድጃ። «አሁንም አፌ ውስጥ አለ።»

ሪሐና ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁትም።»

«አሁን ደውዪና ንገሪው።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«አሁን። እየሰማሁሽ።»

ልጅቷ ስልኳን ስታወጣ ከድጃ ደፉን ተሻግራ ገባች። ነጭ ጸጉር ያወጡት ከረጢቶች ከግራና ከቀኝ ትከሻዋን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ሙቁ አየር ከንፈሯ ላይ አረፈ። ከንፈሯም እዚህ ማንም ስላላያት እንዳሻው ተነሳ። አልወጣችም። ሪሐና «አይ፣ አልሄድም፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ስትል፣ ደላላው ሲከራከራት፣ እሷም ደግማ አልሄድም ስትል፣ ከድጃ በአፏ እየተነፈሰች እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች።