የአደርባል ክንድ

አደርባል ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል እንጨት መቅረጽ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እኔ ከፊት ለተሳላሚዎች ሻማና ሪባን እሸጣለሁ፤ እሱ ከኋላ የስእለት ዕቃ ይሠራል። እግሩ የዳነለት ሰው የእንጨት እግር፣ ጡቷ የዳነላት ሴት የእንጨት ጡት፣ ራስ ምታቱ የለቀቀው ደግሞ የእንጨት ራስ ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለው የስእለት ቤት ይወጣል። ተሳላሚው ከመላው የብራዚል ሴአራ ክልል በጭነት መኪና ተጭኖ ስለሚመጣ ሥራ አጥተን አናውቅም። የአደርባልን ክፍል ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ እንግዳ ግን ቶሎ ይወጣል። ክንዱ፣ እግሩ፣ እጁ ሁሉ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነፋስ በገባ ቁጥር እርስ በርሱ ይነካካል። እኔ ለምጄው ነበር።

አደርባል ዝምተኛ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። መጠጥ አይቀምስም፣ ጭፈራ አይሄድም። ጠዋት የበቆሎ ኩስኩስ በስድስት እንቁላል ይበላል፣ ለምሳ ሩዝ፣ ባቄላና የዶሮ ሥጋ በላስቲክ ዕቃ ቋጥሮ ይመጣል፣ ማታ ማታ ወደ ኒቫልዶ ጂም ሄዶ ብረት ያነሳል። እዚያ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ በየወሩ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሸሚዙን ስንቴ እንዳሰፋሁለት። ከዚያ ቀጥ አለ። ሰኞ ሰኞ የልብስ ስፌት ሜትሬን ተውሶ ክንዱን ይለካል። ለሁለት ዓመት ከሁለት ወር ክንዱ ከሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ንቅንቅ አላለም። ምግብ ጨመረ፣ ቀነሰ፤ ብረት አከበደ፣ አቀለለ፤ አንድ ወር ሙሉ ጭራሽ ዐረፈ። ምንም።

«ስንት ሆነ?» እለዋለሁ።

«ያው ነው አክስቴ።»

«ሜትሩ አርጅቶ እንዳይሆን። ከኔ ጋር እኩያ ነው።»

ድሮ በእንዲህ ያለው ቀልዴ ይስቅ ነበር። በኋላ በኋላ ሜትሩን ጠቅልሎ መልሶልኝ ይገባል።

ኒቫልዶ የጂሙ ባለቤት ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ አፈ ቅቤ ሰውዬ። አንድ ቀን ሻማ ሊገዛ መጥቶ እኔ እየሰማሁ አደርባልን እንዲህ አለው፤ «ወንድሜ፣ ተፈጥሮ የሰጠችህን ጨርሰሃል። ስቴሮይድ መርፌ ካልወሰድክ በቀር ከዚህ በላይ አትሄድም። እንጨቱን ቀርጸህ ሰው ታስመስለዋለህ፣ ራስህን መቅረጽ እንዴት አቃተህ?»

አደርባል መሮውን መሳሉን ቀጠለ።

«ሮዚቫንን አላየኸውም?» አለ ኒቫልዶ።

ሮዚቫንን የማያውቅ የለም። ጂም የገቡት ከአደርባል ጋር በአንድ ቀን ነው። ለዓመታት አደርባል ይበልጠው ነበር። ሮዚቫን መርፌ በጀመረ በስምንት ወሩ ግን ክንዱ አርባ ስድስት ደረሰ፤ ፎርታሌዛ ከተማ ሄዶ የክልሉን የሰውነት ቅርጽ ውድድር ዋንጫ አመጣ። ፎቶግራፉ በኒቫልዶ ጂም በር ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ከዚያ ድንገት ጠፋ። ሳኦ ፓውሎ ሄዷል ተባለ።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ በቀትር፣ መንገዱ ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ የሮዚቫን እናት ሊንዳልቫ ሱቄ ገባች። በብብቷ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዛለች።

«ልብ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

ከመደርደሪያው ላይ አንዱን አውርጄ ሰጠኋት። የምንሸጣቸው ልቦች ጡጫ ያህላሉ። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ልኩ ይሄ አይደለም።»

ከፖስታው ውስጥ የራጅ ፊልም አውጥታ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋችው። አደርባል ድምፃችንን ሰምቶ ከኋላ መጥቶ ነበር። ሦስታችንም አየነው። በደረቱ መካከል ያለው ነጭ ነገር ከጎን አጥንት እስከ ጎን አጥንት ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«የማን ነው?» አለ አደርባል።

«የሮዚቫን። መርፌው ልቡን አሳበጠበት። ሳኦ ፓውሎ የሚባለውን እኔ ነኝ ያስወራሁት። አራት ወሩ ነው፣ ከጓዳ አልወጣም። ከዳነልኝ የልቡን ልክ አመጣለሁ ብዬ ተስያለሁ፤ አስቀድሜ ባደርሰው ይሻላል አልኩ።»

አደርባል ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ሊንዳልቫ መጥታ ልቡን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ዓይኗን ጨፍና መዘነችው።

«ያንሳል» አለች።

«እማማ፣ በራጁ ልክ ነው የሠራሁት።»

«ራጁ የሰኔ ነው፣ ልጄ። ከሰኔ ወዲህ አድጓል። ጆሮዬን ጀርባው ላይ አድርጌ ስሰማው የት ድረስ እንደሚመታ አውቃለሁ።»

አደርባል ሮዚቫንን ልየው አለ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ሮዚቫን በርጩማ ላይ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩን ግድግዳው ላይ ባለ ትራስ ደግፏል፤ ከተጋደመ ስለሚታፈን እንደዚያው ሆኖ ነው የሚተኛው። ከኋላ ሲያዩት ያው ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ጀርባው በር ያህላል። ሲዞር ግን ፊቱ ትንሽ ሆኖ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አየሁት። እግሩ አብጦ ጣቶቹ አይለዩም።

«ተጫነው» አለው አደርባልን፣ ቅልጥሙን እያሳየ።

አደርባል በአውራ ጣቱ ተጫነና አነሳ። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሦስታችንም ጉድጓዱን አየነው፤ አልሞላም። ሮዚቫን የሰው እግር የሚያይ ይመስል ራሱን ዘንበል አድርጎ ይመለከተው ነበር።

«ክንድህ ስንት ደረሰ?» አለ።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

ፈገግ አለ። «የኔ ከአርባ ስድስት ቢወርድም አሁንም አርባ አራት ነው። ካላመንክ ለካ።»

ለልቡ ይሆነናል ብለን የያዝነውን ሜትር አስወጥቶ ክንዱን አስለካ። አርባ አራት ነበር።

«ትጸጸታለህ?» አለው አደርባል።

«በምኑ? ፎርታሌዛ መድረክ ላይ ስወጣ አዳራሹ በሙሉ ተነሳልኝ። ነገም ብትጠይቀኝ አደርገዋለሁ።»

«ብትሞትስ ልጄ?» አልኩት እኔ።

«ሁሉም ይሞታል አክስቴ። በአርባ አራት ክንድ የሚሞት ስንት አለ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንፋሹን ጨረሰበትና ግድግዳውን ያዘ።

እናቱ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአደርባል፣ «ፍሪጁ ውስጥ ከቅቤው ጀርባ የመርፌው ሳጥን አለ። ሐኪሙ እኔን ከልክሎኛል። ላንተ ይሁን» አለው። አደርባል ስንወጣ ሳጥኑን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

መንገድ ላይ፣ «ለምን ወሰድከው?» አልኩት።

«እሱ እንዳይወስደው።»

«እንግዲያው ጣለው።»

ሸሚዙን ቆልፎ እርምጃውን አፈጠነ።

ሁለተኛው ልብ ትልቅ ፓፓያ ያህል ሆነ። ሊንዳልቫ ደረቷ ላይ አስደግፋ ተቀበለችው፤ ይዘነው ኮረብታውን ወጣን። የስእለት ቤቱ ጠባቂ የሚሸከመው ምስማር አጥቶ መሬት ላይ፣ የእንጨት ራሶቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር አኖረው። ወጥተን በሩ ሲዘጋ መለስ ብዬ አየሁ። ራሶቹን ሁሉ ወደ ታች የሚያዩ አስመስሎ የደረደራቸው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሳጥኑ አደርባል ክፍል ውስጥ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ መሐል ተቀመጠ። ሥራውን አቁሞ ሲመለከተው ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ። ኒቫልዶም አልተወውም። «ሮዚቫን መጠን አያውቅም ነበር። አንተ ጭምት ነህ፤ በትንሹ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ብቻ» ይለዋል።

«ኒቫልዶ ዋሽቶኝ አይደለም አክስቴ» አለኝ አደርባል አንድ ቀን። «ወስደው ደህና የሆኑ አውቃለሁ። ስማቸውን ልጠራልዎት የምችላቸው አምስት ሰዎች አሉ።»

«የማታውቀውስ ስንት ነው?»

«እሱን ነው የማስበው።»

በዚያ ሰሞን ማንም ያላዘዘው ክንድ ቀረጸ። ከትከሻ እስከ ጣት፣ ደም ሥሩ ሳይቀር። ሌላ ሥራ እየጠበቀው እሱ ክንዱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ይውላል።

«የማን ትእዛዝ ነው?» አልኩት።

«የኔ።»

«ምን ነካህ፣ ታመሃል?»

«አልታመምኩም። የሚመጣው ክንዴ ነው።»

የእጁ አንጓ ላይ፣ አንድ ጊዜ መሮ አምልጦት የቆረጠው ጠባሳ ሳይቀር አለ። እሱ ሳያየኝ ለካሁት፤ አርባ ስድስት ነው። ጣሪያው ሥር ከሌሎቹ ጋር ሰቅሎት ሳለ አንዲት ተሳላሚ ልትገዛ ነካችውና እጇን ሰብሰብ አደረገች። «ይሞቃል» አለች። ከመስኮቱ ፀሐይ አርፎበት ነው አልኳት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሳይ ግን ፀሐዩ የሚያርፈው በሌላው ግድግዳ ነበር።

በጥቅምት፣ እንዲሁ በቀትር፣ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ሳለ ጸጥታው ቀሰቀሰኝ። የመሮው ድምፅ የለም። ገብቼ አየሁ። አደርባል ጉቶ ላይ ተቀምጧል፤ ቁምጣውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ጭኑን በአልኮል ጠርጓል። የተሞላ መርፌ በእጁ ይዟል።

«አይከልክሉኝ» አለ።

«አልከለክልህም። ልጅ አይደለህም።»

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መርፌውን ቆዳው ላይ አስጠግቶ ቆየ፤ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ በጓሮው በር በኩል የሰው ትንፋሽ ሰማን።

ለማኝ ሽማግሌ መሰለኝ። ሸሚዙ ሽቦ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሎበታል፤ የክንዱ ቆዳ ባዶውን ወርዷል። ፈገግ ሲል ነው በጥርሱ ያወቅሁት። ሮዚቫን ነው። መድኃኒቱ ውኃውን ሁሉ አውጥቶለት፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ በእግሩ መጥቷል።

ጤና ይስጥልኝም አላለም። ዓይኑ መርፌው ላይ ነው።

«አደራ ሰጥቼህ ነበር። መልስልኝ» አለው።

«አደራ አላልከኝም። ሐኪሙም ከልክሎሃል።»

«እየቀነስኩ ነው እኮ። በየቀኑ ነው የምቀንሰው። እናቴ ተሻለህ እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ ግን እየጠፋሁ ነው። ጠዋት ስነሳ ከትናንቱ የጎደለውን እፈልጋለሁ።»

ይህን እያለ ቀና ሲል ክንዱን አየው። ሄዶ በሁለት እጁ ያዘው፤ በጣቱ ደም ሥሩን ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

«የኔ ነው» አለ አደርባል።

«አይደለም። የኔ ነው። አላውቀውም ብለህ ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ነፋስ አልነበረም። ሮዚቫን ሲባጎውን ሲፈታ ግን ሌሎቹም ተነቃነቁ፤ እየተነካኩ ሄደው እኔ አናት ላይ ደረሱ። ሮዚቫን ክንዱን ታቅፎ አንድ እጁን ወደ መርፌው ዘረጋ።

«ግማሹን ብቻ» አለ በለስላሳ ድምፅ።

አደርባል የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ፊቱን አየ። ብዙ አላሰበም፤ ቢያስብ ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር ብሎኛል በኋላ። መርፌውን ገፍቶ መድኃኒቱን ሰጋቱራው ላይ አፈሰሰው። ከዚያ ሳጥኑን አውርዶ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በእንጨት መዶሻ ሰበራቸው። ሮዚቫን አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ተንበርክኮ ጣቱን የረጠበው ሰጋቱራ ውስጥ ከቶ ማሸት ጀመረ፤ እያሸተ በራሱ ክንድ ቆዳ ላይ ይቀባዋል። ሁለታችን ብብቱን ይዘን ስናነሳው አልከበደንም።

አደርባል በሞተር ብስክሌቱ ቤቱ አደረሰው። የእንጨቱን ክንድ አልለቅም ስላለ አብረው ይዘው ሄዱ።

ሮዚቫን ዛሬም አለ። ሊንዳልቫ ተአምር ነው ትላለች፤ ሐኪሙም ቶሎ ማቆሙ ጠቀመው ይላል። በጥር በአውቶቡስ ፎርታሌዛ ሄደ፤ ስልክ ይሸጣል መሰለኝ። ለእናቱ በወር አንዴ ይደውላል፣ ፎቶግራፍ ላክልኝ ስትለው ግን አይልክም።

አደርባል ባለፈው ዓመት ለውድድር ሬሲፌ ሄዶ ነበር፤ ሽንት መርምረው መርፌ ያልወሰዱትን ብቻ የሚያወዳድሩበት ነው። ከዘጠኝ ሰው አምስተኛ ወጣ። ክንዱ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ወደ ኒቫልዶ ጂምም አሁንም ይሄዳል፣ በከተማው ሌላ ጂም የለም።

በቀደም ምሳውን ሲበላ፣ «እንግዲህ የመርፌውን ሐሳብ ተውከው አይደል?» አልኩት።

«አልተውኩትም አክስቴ» አለ ባቄላውን እያላመጠ። «ኒቫልዶ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፣ በየሳምንቱ አይሆንም እለዋለሁ። አንዳንድ ሳምንት ይቀለኛል። ያለፈው ሳምንት ከብዶኝ ነበር።»

ሌላም ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። የተሳላሚ መኪና በር ላይ ቆመና ወደ ሱቁ ወጣሁ።