የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት

በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ትልቋ ልጄም ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ፣ በጥቅምት፣ ከደብረ ብርሃን መጣችልኝ። ቤቴ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ወገብ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለአራስ አይሆንም ብዬ ቶሎ እንድትመጣ ያጣደፍኳት እኔ ነኝ።

በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተንቀጠቀጠች። ጋቢ ደረብኩላት፤ ጥርሷ መንገጫገጩን አልተወም። ከዚያ ነደደች፤ ከዚያ ላብ አጠመቃትና ተኛች። ጓሮ ስትቀመጥ ምች መትቷታል አልኩ። ዳማከሴ ቀጥፌ በእጄ አሸሁና ጭማቂውን አጠጣኋት። በማግስቱ ደህና ዋለች። መሬት ስሜ አመሰገንኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ብርዱ ተመለሰ። ሆዷን ይዛ፣ «እማዬ፣ ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አይራገጥም» አለችኝ። የማደርገው ጠፋኝ። ዳማከሴ ልጨምር? ጠበል ልውሰዳት?

ከአሊዩ አምባ በርበሬ ይዛ ወደ አንኮበር ስትወጣ እኔ ዘንድ የምታርፍ ወዳጅ አለችኝ። ያን ዕለት በራፉ ላይ ቆማ ልጄን አየቻት። ሸክሟን እንኳ አላወረደችም።

«በስንት ቀኑ ነው የሚመለስባት?»

«ቀን እየዘለለ።»

«ወላሂ ወባ ናት!»

«ምች ነው እንጂ። ልጄ ቆላ አልወረደች፤ ወባ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ድሮ ወባ እዚህ የምትወጣው በእኛ ጀርባ ታዝላ ነበር። አሁን በእግሯ መሄድ ለምዳለች። ተነሺ!»

አባቴ ቆላ ገበያ ወርዶ አያድርም ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ይጀምራል። ቆላ ያላደረን ወባ አትነካውም፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጣቷን ወግተው ደሟን አዩ። ወባ ነበረች። ነርሷ፣ «እናቴ፣ ቤታችሁ አጠገብ የቆመ ውሃ አለ?» አለችኝ።

አለ። በልጉ መቅረት ሲያበዛ ከቤቴ ጀርባ ያስቆፈርነው የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ነው። ሩቅ ወርጄ ውሃ መቅዳት የቀረልኝ በእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጄሪካኔን ስሞላ ፈጣሪዬን የማመሰግነው እዚያ ቆሜ ነው።

«ድሮ የሌሊቱ ብርድ ለቢምቢዋ አይመቻትም ነበር» አለች ነርሷ። «አሁን ሌሊቱ ሞቀላት፤ ውሃም አገኘች።»

ውሃ ለምነን ውሃ ተሰጠን። ታዲያ የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው? ማቆሪያውን ልድፈነው? ከዚያስ ምን እንጠጣለን?

ልጄ መድኃኒቷን ዋጠች። በአራተኛው ቀን ሆዷ ላይ እጄን አድርጋ፣ «ይኸው፣ ረገጠ» አለችኝ። በኅዳር መጨረሻ ወለደች። ሴት ናት። ቀጭን ናት፤ ግን ጮኻ አለቀሰች። እመቤቴ ትመስገን። ያቺ ወዳጄም ትመስገን። ገንፎዋን ከጎረቤቶቼ ጋር በላች፤ «ምች ነው ያለችው ሴትዮ ቅቤውን ትጨምር!» እያለች አሳቀችብኝ። አራሷና ሕፃኗ እስከ ክርስትናው አጎበር ውስጥ ተኙ። ማቆሪያውን በቆርቆሮና በሸራ ከደንነው፤ በጠርዙ ግን ቢምቢ ይገባል ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ታናሽዋ ልጄ ከደብረ ብርሃን ደወለች። እሷም የመጀመሪያዋን ይዛለች።

«እማዬ፣ መቼ ልምጣ?»

እናት ይህን ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ነው። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና ማቆሪያውን አየሁ።

«አትምጪ፤ እኔ እመጣለሁ» አልኳት።

«አስቀየምኩሽ እንዴ?» አለችኝ።

አላስቀየመችኝም። እንዴት ብዬ እንደማስረዳት ግን እኔም አላውቅም።