የኮሂኑር ጥሬ ሙዝ

ባሪሳል በሚባለው አገር፣ ወንዝ ዳር፣ ኮሂኑርን የማያውቅ የለም። ጤና ጣቢያ የሄደው እንኳ ሲመለስ በደጇ ሳያልፍ አይገባም። ጥሬ ሙዝ ልጣ፣ እርድ ባለው ውሃ ነክራ፣ ከሩዝ ጋር ቀቅላ፣ ድፍጥጥ አድርጋ ታበላለች። «የኔ ሙዝ የተላቀቀ ሆድ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል!» ትላለች አፏን ሞልታ። ትኩራ! ማን ይከለክላታል?

ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ጓሮ ገባ። ውሃ ሲመጣ የሙዝ ግንድ ቆርጦ፣ አስሮ ታንኳ ማድረግ የአገሩ ልማድ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ጀባር የራሱን ሙዝ ጨርሶ፣ ቆንጨራውን ይዞ እሷ ጓሮ ከች አለ። የቀረቻት አንዲት ግንድ ናት፤ ያልበሰለ ዘለላዋን እንዳንጠለጠለች።

«ባቢ፣ ዞር በይልኝ!» አላት፤ በአገሩ የታላቅ ወንድም ሚስት «ባቢ» ነው የምትባለው።

«ወይ ፍንክች!»

«ላሞቼ ሊሰምጡ'ኮ ነው!»

«እኔ በረንዳ ላይ አውጣቸው። ይቺን ግን አትነካትም።»

«ኧረ ጉድ! ሙዙን ለዓሣ ልትቀልብ ነው!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብሎ ጎረቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። እሷ ግንዱን አቅፋ ቆመች። ድሮ፣ እንዲሁ ሙዙ ሁሉ ለታንኳ ተቆርጦ፣ ውሃው ሲጎድል የገባው ተቅማጥ የመጀመሪያ ልጇን ወስዶባታል። ያኔ አንዲት ጥሬ ሙዝ ፈልጋ ማጣቷ ዛሬም ያንገበግባታል።

ላሞቹ በረንዳዋ ላይ ተረፉ። ውሃው ሲጎድል ግን የፈራችው ደረሰ፤ መንደሩን ተቅማጥ ያዘው። ጀባር የልጅ ልጁን ፓሩልን ታቅፎ መጣ።

«ባቢ...» አለና ልጅቷን ዘረጋላት።

«ጤና ጣቢያ ወስደሃታል?»

«የጨውና የስኳሩን ዱቄት ሰጥተውኝ፣ በጥብጬ እያጠጣኋት ነው። አልቆም አላት እንጂ።»

«እሱን እንዳታቋርጥ። በል ቁጭ በል።»

ከዘለላው ቆርጣ ቀቀለች። በማንኪያ ጫፍ፣ ቀስ እያለች አጎረሰቻት። ውሎ አድሮ ተቅማጡ ቆመ፤ ፓሩል እንዲያውም «ጨምሩልኝ!» ብላ አለቀሰች። ያን ለቅሶ ስትሰማ ኮሂኑርን ኩራት ኩራት አላት፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

ዘለላው ለመንደሩ ተዳርሶ አለቀ። ጀባር አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ባቢ፣ ከሙዟ ሥር ካለው ችግኝ አንድ ብትሰጪኝ?»

ሁለት ነቅላ ሰጠችው።

«አንዱ ለታንኳህ ነው» አለችው። «አንዱ የፓሩል። የሷን የነካህ ዕለት ቆንጨራህን ወንዝ ነው የምከተው!»