ከየት የመጣ ዜሮ

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። በተለይ የሠራሁትን ነገር «ተበላሽቷል» ካሉኝ፣ ሰውዬው ሳይጨርስ መጮህ እጀምራለሁ።

ለእንጅባራው የፈረስ ትርዒት ከየቀበሌው ስንት ፈረሰኛ እንደሚመጣ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። የቀበሌው ተወካይ በስልኩ ቁጥሩን ይሞላል፤ አዘጋጆቹም ገጹን አይተው የሰልፉን ተራ ያወጣሉ። ገና በሙከራ ላይ እያለን አንዱ በቁጥሩ ቦታ «ብዙ» ብሎ ጻፈና፣ ገጹ በእንግሊዝኛ «ቁጥር አይደለም» የሚል ነገር አወጣ። የትርዒቱ አስተባባሪ «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ቢለኝ ተናደድኩና አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ወደ ቁጥር አልለወጥ ያለ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይታይ። ገጹ ጸዳ፤ እኔም ተገላገልኩ።

ትርዒቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ከጥሊሊ ከተማ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ መሪጌታ በሚኒባስ መጡ። የቀበሌው ተወካይ እሳቸው ናቸው። ገጹ ዜሮ ፈረሰኛ ስለሚል ቀበሌያቸው ከሰልፉ ተሰርዟል።

«ልጆቹ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ጨርሰዋል» አሉኝ። «"ሳያስመዘግቡን አስመዘገብኩ ብለው ዋሹን" ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተባልኩ።»

«ሳይሞሉት ቀርተው ይሆናል፣ መሪጌታ።»

«ሞልቻለሁ።»

«ቢሞሉማ ይታይ ነበር!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ላሳምናቸው ብዬ ገጹን ተውኩና የተሞላው የሚቀመጥበትን መዝገብ ከፈትኩ። ፴፯ ይላል። በግዕዝ ቁጥር፣ ቁልጭ ብሎ። የቤተ ክህነት ሰው ሠላሳ ሰባትን ሌላ በምን ይጽፈዋል? የእኔ ፕሮግራም ግን ይህን ቁጥር አያውቅም፤ መለወጥ ሲያቅተው ያቺ መስመር ዜሮ አድርጋ አቀረበችው። ለካ ያን ጊዜ ስህተቱን አላረምኩትም፤ ሸፋፍኜው ነው።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። «ያውና የጻፍኩት! ይሄኛውስ?» ገጹ ላይ ያለውን በጣታቸው ነኩ።

«ዜሮ ነው።»

«በግዕዝ ቁጥር እኮ ዜሮ የለም፣ ልጄ። ከየት አመጣሽው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግዕዙን የሚያነብ ነገር መጻፉ ብዙ አልፈጀብኝም። ፴ ሠላሳ ነው፣ ፯ ሰባት፤ መደመር ነው። ያቺን መስመርም አጠፋኋት። አሁን ማንበብ ያልተቻለው ሁሉ «አልተነበበም፣ ይደውሉ» ይላል። አያምርም፣ ግን እውነት ነው። «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ «የለም» ያልኩት ስንት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አስተባባሪው ቀበሌውን ወደ ሰልፉ መለሰው። መሪጌታ መርቀውኝ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በስልካቸው ለልጆቹ ደውለው ሰጡኝ።

«እኔን አያምኑኝም። አንቺ ንገሪያቸው።»

ከወዲያ የጎረምሶች ጫጫታ ይሰማል። መሪጌታ ሠላሳ ሰባቱንም በጊዜው እንዳስመዘገቡ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ዜሮ ያለን ማን ነው?» አለ አንዱ።

መሪጌታ መሬት መሬቱን ያያሉ። ኮምፒውተሩ ነው ብል ያልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።