አባቢያ ፓምፕ ያስመረቁ ዕለት

ሥራዬ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ መትከል ነው። መንግሥት ደዶ አካባቢ ለገበሬዎች በድጎማ ከሰጣቸው ፓምፖች አንዱ አባቢያ ለሚባሉ ሽማግሌ ደረሳቸውና፣ በምረቃው ቀን እንዳስነሳው ተላክሁ። ስደርስ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ የሽማግሌውን ጎመን አስጥሞት አገኘሁ። ደግነቱ እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ፀሐይ ወጣች።

አባቢያ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ውሃ ወደ ማሳ ማምጣት ብቻ ነው የሚያውቀው?» አሉኝ።

«ኧረ ከማሳም ያወጣል።»

«እንግዲያው ጎመኔን አድንልኝ።»

ምን ላድርግ? የመሳቢያውን ቱቦ ከማሳው ሥር ከሚያልፈው ወንዝ አውጥቼ ማሳው ውስጥ ከተትሁት፤ መልቀቂያውን ወደ ወንዙ አዞርሁት። ገና ሳስነሳው ሊመርቁ የመጡት የወረዳው ኃላፊ ከነአጃቢዎቻቸው በወንዙ በኩል ብቅ አሉ። ውሃው ወደ ወንዙ ሲንዶለዶል አይተው አጨበጨቡ፤ አጠገቡ ቆመው ፎቶም ተነሱ። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም።

ኃላፊው የአባቢያን እጅ ጨብጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማሳዎ ውሃ አይቸግረውም» አሏቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ አባቢያ በትሕትና፣ «ግን ውሃው እስከ ጁምዓ ባይመጣብኝ ደስ ይለኛል።»