ቁንዶ የገነጠለችው መጨረሻ

በጉልቱ ስሟ ቁንዶ ነው። እንደምትሸጠው ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ናት፤ ምላሷ ግን ያቃጥላል። ጨውም ትሸጣለች። ቆራሌው አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ ያመጣላታል፤ እሷ ገጹን እየገነጠለች በሾጣጣ ትጠቀልልበታለች። የምትጀምረው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ የፊቱ ሽፋን መያዣ ይሆናታላ።

የዚያን ቀን ገበያው ስለደራ የአንዱን ወፍራም መጽሐፍ ጅራት ሳታየው ጨረሰችው። ፋታ ስታገኝ ዓይኗ በተረፈው ገጽ ላይ አረፈ፦ ባሏ ከባሕር የቀረባት ሴት በጨለማ ተቀምጣለች፤ በሩ ተንኳኳ።

ያኔ የሰባተኛ ክፍል መምህሯን ድምፅ ሰማች፤ ያን ሳል የሚቆራርጠውን፣ እንደ እንጉርጉሮ ሆድ የሚያባባውን። አርብ አርብ ይህንኑ ልብ ወለድ ያነቡላቸው ነበር። እዚሁ በር ላይ ሲደርሱ ሳሉ አሸነፋቸው። «የቀረውን በሚመጣው አርብ» አሉ። አርቡ ሲደርስ እሳቸው ታመው ሌላ አስተማሪ ገባ። እሷም እናቷ ሞታ ትምህርቷን ተወች። ማን እንዳንኳኳ ስታስብ አረጀች።

የሄዱትን ገጾች ማን ይመልሳል? ይሄኔ ምድጃ ገብተዋል። ሽፋኑን ስትገልጥ በእጅ የተጻፈ የመምህሯን ስም አየች፤ ቆራሌው በዚያ ሲያልፍ በኮሌታው ያዘችው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ቀስ በይ እንጂ እትዬ! ከፋርማሲው ጀርባ ካለው ቤት ነው። ሽማግሌው ሞተው ልጃቸው ቤት እያጸዳች ነው።»

ዕቃዋን ለሽንኩርት ሻጯ ጎረቤቷ አደራ ብላ ሮጠች። በሩን የከፈተችው ሽበት የጀመራት ሴት ናት፤ መጥረጊያ ይዛለች።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። አባትሽ አስተምረውኛል። የዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ጨው ስጠቀልልበት በእጄ ጠፋ። ማነው በሩን ያንኳኳው?»

«እኔ ምን አውቄ! አባዬ የሚያነበው ለባዳ ልጆች ነበር። ለእኛ ድምፁን ጨርሶ ነው የሚገባው። ‹ዝም በሉ፣ ልተኛ› ነበር ተረታችን።»

ቁንዶ ጉማጁን መጽሐፍ ዘረጋችላት።

«ምን ሊያደርግልኝ? ጠቅልይበት» አለች ሴትዮዋ፤ ወደ መጥረጊያዋም ተመለሰች።

ስትመለስ ጉልቱ ላይ ደንበኛ ቆማ ትጠብቃለች።

«ጨው ስጪኝ ቁንዶ።»

«ወረቀት የለኝም። እጅሽን ዘርጊ።»

«ኧረ ጉድ! ያቀፍሽው ምንድነው ታዲያ? ጽላት ነው?»

«እጅሽን ዘርጊ አልኩሽ!»

ደንበኛዋ እየሳቀች መዳፏን ዘረጋች። ቁንዶ ግን አልሳቀችም።